የንድፍ ትምህርት በምሕንድስና ዲግሪ ዕውቅና አሰጣጥ ውስጥ ያለው ድርሻ

መግቢያ

አንድ የምሕንድስና ተማሪ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ፣ በሁለቱ ጫፎቹ የተደገፈና በየሜትሩ 5 ኪሎኒውተን ሸክም ያረፈበት አግዳሚ ተሰጥቶት ከፍተኛውን የመጉበጥ ሞመንት እንዲያሰላ ቢጠየቅ፣ መልሱ 22.5 ኪሎኒውተን ሜትር ነው። ጥያቄው በአዲስ አበባም ሆነ በቶሮንቶ ቢቀርብ መልሱ ያው አንድ ነው፤ መምህሩም ለማረም አይቸገርም። ይኸው ተማሪ ግን «በክረምት ወንዝ እየሞላ ሕፃናት ከትምህርት ቤት የሚቀሩበት አንድ መንደር አለ፤ መሻገሪያ አዘጋጅለት» ቢባል ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ሸክሙን የሚነግረው የለም። የወንዙን ከፍታ፣ የአፈሩን ጥንካሬ፣ የሚገኘውን ገንዘብ፣ በአቅራቢያ ያለውን እንጨትና ድንጋይ፣ ድልድዩን ወደፊት የሚጠግነውን ሰው ራሱ ጠይቆ ማወቅ ይኖርበታል። ከዚያም ከብዙ አማራጮች አንዱን መርጦ ለምርጫው ኃላፊ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ የትንተና፣ ሁለተኛው የንድፍ ጥያቄ ነው። የምሕንድስና ዲግሪ ያለው ሰው ሁለቱንም ይችላል ተብሎ ይታመናል። ይሁን እንጂ አንድ የትምህርት ተቋም ሁለተኛውን በእርግጥ ማስተማሩን ከውጭ ሆኖ የሚያረጋግጠው ማን ነው? በምንስ መለኪያ? ይህ ጥያቄ ለዲግሪ መርሐ ግብሮች ዕውቅና የሚሰጡ አካላትን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲያከራክር የቆየ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በአሜሪካና በካናዳ የታየውን ልምድ መሠረት በማድረግ የንድፍ ትምህርት በዕውቅና አሰጣጥ ውስጥ የያዘውን ሥፍራ ማብራራትና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎችና ለመምህራን የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። ዓመታቱ በሙሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. ንድፍ ሲባል ምን ማለት ነው?

በዕለት ተዕለት አነጋገር ንድፍ ማለት በወረቀት ላይ የሰፈረ ሥዕል ወይም ፕላን ነው። በምሕንድስና ትምህርት ግን ቃሉ ሥዕሉን ሳይሆን ከሥዕሉ በፊት የሚካሄደውን የአእምሮ ሥራ ያመለክታል። ይኸውም አንድን የታወቀ ፍላጎት ለማሟላት የሚያስችል መሣሪያ፣ ሥርዓት ወይም የአሠራር ሂደት ለመፍጠር የሚደረግ የውሳኔ አሰጣጥ ሂደት ነው። ሂደቱ ቀጥ ብሎ አይጓዝም። ችግሩ ይገለጻል፣ አማራጮች ይቀርባሉ፣ ይሰላሉ፣ ይነጻጸራሉ፤ አንዱ ይመረጥና ይፈተሻል፤ ጉድለት ሲገኝም ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይጀመራል። ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ በዚህ ሂደት ውስጥ መሣሪያዎች እንጂ ግቦች አይደሉም።

ንድፍን ከትንተና የሚለየው ሌላው ነገር ገደብ ነው። ገንዘብ፣ ጊዜ፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ የአካባቢ ሁኔታ፣ የመንግሥት ደንብና የማምረቻ ችሎታ እያንዳንዳቸው መሐንዲሱን ወደየራሳቸው ይስቡታል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማርካት ስለማይቻል መሐንዲሱ ማመዛዘን ይገደዳል። የንድፍ ትምህርት ፍሬ ነገር ይህን ማመዛዘን ማስተማር ነው።

2. የንድፍ ትምህርት ሲጎድል የሚደርሰው ጉዳት

የዚህ ትምህርት መጉደል ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ ከተማ በሃያት ሪጀንሲ ሆቴል የደረሰውን አደጋ መመልከት ይጠቅማል። ጁላይ 17 ቀን 1981 በሆቴሉ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ከጣሪያው በብረት ዘንጎች የተንጠለጠሉ ሁለት መተላለፊያ ድልድዮች ሕዝብ በተሰበሰበበት ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ።

ምርመራው ያመለከተው ምክንያት ለማስረዳት ቀላል ነው። በመጀመሪያው ፕላን ከጣሪያው እስከ ታችኛው ድልድይ የሚወርደው ዘንግ አንድ ወጥ ነበር፤ ሁለቱም ድልድዮች በዚሁ ዘንግ ላይ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ዳዶ ተደግፈው ይቀመጡ ነበር። ለአሠራር እንዲያመች ተብሎ ዘንጉ በሁለት ተከፈለ። የታችኛው ድልድይ በጣሪያው ላይ መንጠልጠሉ ቀርቶ በላይኛው ድልድይ አግዳሚ ላይ ተንጠለጠለ። ነገሩ አንድን ገመድ ይዘው ከተንጠለጠሉ ሁለት ሰዎች የታችኛው ገመዱን ለቆ የላይኛውን ሰው እግር ቢይዝ እንደሚሆነው ነው። ገመዱ የተሸከመው ክብደት አልተለወጠም፤ የላይኛው ሰው እጅ የተሸከመው ግን እጥፍ ሆነ። በላይኛው ድልድይ ሥር የነበረው ዳዶና አግዳሚም እንዲሁ የሁለቱን ድልድዮች ሸክም እንዲሸከሙ ተገደዱ። የመጀመሪያው ፕላን ራሱ የከተማው የሕንፃ ደንብ ከሚጠይቀው ጥንካሬ በታች ስለነበረ ለውጡ ጉዳቱን አባባሰው።

ለዕውቅና አሰጣጥ ትምህርት የሚሆነው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። የሸክሙን መጠን ማሥላት ከመጀመሪያዎቹ የምሕንድስና ትምህርት ዓመታት ዕውቀት አያልፍም። የጎደለው ሒሳቡን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የጎደለው ለውጡ ሲቀርብ «ይህ ለውጥ ሌላውን ክፍል ምን ያደርገዋል? መጋጠሚያውን ያሰላው ማን ነው? ኃላፊነቱስ የማን ነው?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነበር። የሚዙሪ ግዛት በጉዳዩ ኃላፊ የነበሩትን መሐንዲሶች የሥራ ፈቃድ ሰርዟል። ይህ ዓይነቱ ልማድ በንድፈ ሐሳብ ኮርስ ብቻ አይገኝም። ተማሪው ራሱ ወስኖ፣ ውሳኔውን በሌሎች ፊት ተከላክሎ፣ ስሕተቱንም አርሞ ካላለፈበት በቀር ሊያዳብረው አይችልም።

3. የዕውቅና አሰጣጥ አመጣጥና የንድፍ ትምህርት መዳከም

በአሜሪካ የምሕንድስና ማኅበራት ተባብረው የምሕንድስና ሙያ እድገት ምክር ቤትን ያቋቋሙት በ1932 ሲሆን፣ ምክር ቤቱ የዲግሪ መርሐ ግብሮችን መገምገም የጀመረው በ1936 ነው። በ1947 በ133 ተቋማት የሚገኙ 580 መርሐ ግብሮች ዕውቅና አግኝተው ነበር። ምክር ቤቱ በ1980 ስሙን ለውጦ የምሕንድስናና የቴክኖሎጂ ዕውቅና ሰጪ ቦርድ ተብሏል፤ ይበልጥ የሚታወቀውም ኤቤት በሚለው አጭር ስሙ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ዕውቅና የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲው በጠቅላላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ መርሐ ግብር መሆኑ ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሲቪል ምሕንድስና ዕውቅና ሲያገኝ ሌላው ላያገኝ ይችላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረው የምሕንድስና ትምህርት በወርክሾፕ፣ በቴክኒክ ሥዕልና በተለመዱ የአሠራር ደንቦች ላይ ያተኮረ ነበር። ጦርነቱ ግን ራዳርንና የአቶም ኃይልን የመሳሰሉ ሥራዎች በአብዛኛው በፊዚክስ ሊቃውንት እንደተከናወኑ አሳየ። በዚህም ምክንያት በሊንተን ግሪንተር ሊቀ መንበርነት የተሰየመው ኮሚቴ በ1955 ባቀረበው ዘገባ የሒሳብ፣ የመሠረታዊ ሳይንስና የምሕንድስና ሳይንስ ድርሻ እንዲጠናከር አሳሰበ። ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ወደ ጠፈር ማምጠቋ ደግሞ እንቅስቃሴውን አፋጠነው።

የግሪንተር ዘገባ ንድፍ ይወገድ አላለም፤ እንዲያውም ትንተናና ንድፍ ተያይዘው እንዲሰጡ ይመክር ነበር። በተግባር የታየው ግን ሌላ ነው። የክፍለ ጊዜው ቁጥር የተወሰነ በመሆኑ ሳይንስ ሲገባ ወርክሾፕና ሥዕል ወጡ፤ ከእነርሱም ጋር ንድፍ አብሮ ተገፋ። አዲስ የሚቀጠሩት መምህራንም በምርምር እንጂ በግንባታ ሥፍራ ወይም በፋብሪካ ልምድ የተመረጡ አልነበሩም። ኸርበርት ሳይመን በ1969 ባሳተመው መጽሐፉ የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች የፊዚክስና የሒሳብ ትምህርት ቤቶች ወደ መሆን አዘንብለዋል ሲል የተቸው ይህንኑ ሁኔታ ነበር። አንዳንድ ኮሌጆች በራሳቸው መፍትሔ ፈልገዋል። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሃርቪ መድ ኮሌጅ በ1963 ተማሪዎች በቡድን ሆነው ከኢንዱስትሪ የሚመጡ እውነተኛ ችግሮችን የሚፈቱበትን መርሐ ግብር ጀምሯል። ሆኖም የአንድ ኮሌጅ በጎ ፈቃድ ለሁሉም ዋስትና ሊሆን አይችልም። ንድፍን በሁሉም ዘንድ ግዴታ ሊያደርገው የሚችለው የዕውቅና መመዘኛ ብቻ ነበር።

4. የመጀመሪያው መፍትሔ፤ ሰዓት መቁጠር

ዕውቅና ሰጪው አካል የወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ለንድፍ የተወሰነ ጊዜ መከለል ነበር። በ1980ዎቹ ይሠራበት በነበረው መመዘኛ መሠረት አንድ መርሐ ግብር የአንድ ዓመት ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ፣ የአንድ ዓመት የምሕንድስና ሳይንስ፣ የግማሽ ዓመት የምሕንድስና ንድፍ፣ እንዲሁም የግማሽ ዓመት የሥነ ሰብእና የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት እንዲይዝ ይጠበቅበት ነበር። ግማሽ ዓመት ማለት ወደ 16 ክሬዲት ሰዓት ነው።

ካናዳ ተመሳሳይ መንገድ ይበልጥ በተራቀቀ ስሌት ተከትላለች። በ1965 የተቋቋመው የካናዳ የምሕንድስና ዕውቅና ቦርድ የትምህርት ይዘትን የሚለካው በዕውቅና አሐድ ነው። አንድ የሌክቸር ሰዓት አንድ አሐድ ሲሆን፣ አንድ የላቦራቶሪ ወይም የመለማመጃ ሰዓት ግማሽ አሐድ ነው። በዚህ መለኪያ የምሕንድስና ሳይንስና የምሕንድስና ንድፍ በድምሩ ቢያንስ 900 አሐድ እንዲይዙ፣ ከዚያም ውስጥ እያንዳንዳቸው ከ225 እንዳያንሱ ተደንግጓል። በተጨማሪም ተማሪው በመጨረሻ የሚሠራው ዋና የንድፍ ሥራ የመሐንዲስነት የሥራ ፈቃድ ባላቸው መምህራን ሙያዊ ኃላፊነት እንዲመራ ይጠየቃል።

የሰዓት መለኪያው ጥቅም ግልጽ ነው። ለሁሉም እኩል ነው፤ ይቆጠራል፤ ለክርክርም ብዙ ቦታ አይሰጥም። አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ከዲኑ ዘንድ ቀርቦ ለንድፍ ኮርስ መምህርና በጀት ሲጠይቅ «ያለዚህ ዕውቅና አናገኝም» ለማለት አስችሎታል።

ጉዳቱም ብዙ ሳይቆይ ታየ። ተቋማት እያንዳንዱን ኮርስ በክፍልፋይ እየሸነሸኑ ማስመዝገብ ጀመሩ። ሦስት ክሬዲት ያለው አንድ የመዋቅር ኮርስ ሁለቱ ሳይንስ፣ አንዱ ንድፍ ተብሎ በሰንጠረዥ ይሞላል። በኮርሱ ውስጥ የሚሰጠው ግን ቀመሩ የታወቀ፣ መልሱ አንድ የሆነ መልመጃ ሊሆን ይችላል። ድምሩ 16 ከሞላ መመዘኛው ተሟልቷል፤ ተማሪው ግን አንድም ጊዜ ከአማራጮች መካከል ሳይመርጥ ሊመረቅ ይችላል። ገምጋሚዎችም ጊዜያቸውን ትምህርቱን በመመርመር ሳይሆን ቁጥር በመደመር ያሳልፉ እንደነበር ተተችተዋል።

5. ከሰዓት ወደ ውጤት

ይህን ጉድለት ለማረም ኤቤት በ1997 የምሕንድስና መመዘኛ 2000 የተባለውን አዲስ ሥርዓት አጸደቀ፤ ከ2001 ጀምሮም በሁሉም ላይ ተፈጻሚ ሆነ። የአዲሱ ሥርዓት መሠረተ ሐሳብ መምህሩ ምን አስተማረ ከሚለው ይልቅ ተማሪው ምን መሥራት ቻለ የሚለውን መጠየቅ ነው። ተመራቂዎች ሊኖሯቸው የሚገቡ 11 ችሎታዎች የተዘረዘሩ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ ኢኮኖሚን፣ አካባቢን፣ ጤናንና ደኅንነትን፣ ሥነ ምግባርንና የማምረት ሁኔታን በመሳሰሉ እውነተኛ ገደቦች ውስጥ ንድፍ የማውጣት ችሎታ ነበር። ከ2019 እስከ 2020 ባለው የግምገማ ዘመን ተግባራዊ የሆነው ማሻሻያ ዝርዝሩን ወደ 7 ቢያሳጥረውም ንድፍ ራሱን የቻለ ቁጥር ይዞ ቀጥሏል።

ሰዓት መቁጠር ግን ጨርሶ አልቀረም። በዚሁ ማሻሻያ መሠረት ለሒሳብና ለመሠረታዊ ሳይንስ ቢያንስ 30፣ ለምሕንድስና ትምህርቶች ቢያንስ 45 የሴሚስተር ክሬዲት ሰዓት ይጠየቃል። ለንድፍ ብቻ የተከለለው ሰዓት ግን ቀርቶ፣ በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ በትምህርቱ ማጠቃለያ ላይ አንድ ዋና የንድፍ ሥራ እንዲያከናውን ግዴታ ተደርጓል። ሥራው የሙያውን ደረጃዎችና ልዩ ልዩ ገደቦችን ያካተተ፣ ቀደም ባሉት ኮርሶች በተገኘ ዕውቀት ላይም የተመሠረተ መሆን ይኖርበታል።

ለውጡ ሲታቀድ ብዙ መምህራን «ስለ ቡድን ሥራና ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ ሲባል ሒሳቡ ይዳከማል» የሚል ሥጋት ነበራቸው። በ2006 ይፋ የሆነው የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት የ1994 እና የ2004 ምሩቃንን አነጻጽሮ ሥጋቱን የሚያረጋግጥ ነገር አላገኘም። የኋለኞቹ ምሩቃን በንድፍም ሆነ በሌሎች ችሎታዎች ራሳቸውን ከፊተኞቹ የተሻሉ አድርገው ገምግመዋል። መረጃው በአብዛኛው ምሩቃኑ ስለ ራሳቸው ከሰጡት ግምት የተገኘ መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም።

6. ገምጋሚው ምን ይመለከታል?

ተቋሙ በመጀመሪያ የራስ ግምገማ ዘገባ ያዘጋጃል። ከዚያም ከሙያው የተውጣጡ ገምጋሚዎች ግቢውን ይጎበኛሉ፤ መምህራንንና ተማሪዎችን ያነጋግራሉ፤ የተማሪዎችን ሥራ ይመረምራሉ። የሚገኘው ጉድለት እንደ ክብደቱ በደረጃ ተለይቶ ይመዘገባል። ሁሉን ያሟላ መርሐ ግብር ቀጣዩ ጠቅላላ ግምገማ የሚደረግለት ከ6 ዓመት በኋላ ነው።

በዚህ ሂደት የማጠቃለያው የንድፍ ሥራ ልዩ ዋጋ አለው። የፈተና ወረቀት የአንዱን ኮርስ ውጤት ብቻ ያሳያል። የንድፍ ሥራ ዘገባ ግን የአራትና የአምስት ዓመት ትምህርት ምን እንዳፈራ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ይገልጣል። ጠንቃቃ ገምጋሚ ዘገባውን ሲያነብ የሚከተሉትን ይጠይቃል፤

ሀ) ችግሩን የገለጸው ተማሪው ነው ወይስ መምህሩ?
ለ) ስንት አማራጮች ቀረቡ? የተጣሉትስ በምን ምክንያት ተጣሉ?
ሐ) ዋጋ፣ ደኅንነትና አካባቢ በስሌቱ ውስጥ ገብተዋል ወይስ በመግቢያው ላይ በስም ብቻ ተጠቅሰዋል?
መ) የሙያው ደረጃዎችና ደንቦች በሥራ ላይ ውለዋል?
ሠ) ከቡድኑ አባላት እያንዳንዱ ምን ሠራ?

በተለይ ሁለተኛው ጥያቄ ሐሰትን ከእውነት ይለያል። አንድ መፍትሔ ብቻ የቀረበበት ዘገባ ምንም ያህል ስሌት ቢሞላበት ንድፍ ሳይሆን ረጅም የትንተና መልመጃ ነው።

7. ያልተፈቱ ችግሮች

በመጀመሪያ ደረጃ የመምህሩ ጉዳይ አለ። ንድፍን ማስተማር ያለበት ንድፍ ያወጣ ሰው ነው። የዩኒቨርሲቲዎች የደረጃ ዕድገት ግን በአብዛኛው የሚለካው በታተመ ምርምር በመሆኑ፣ ድልድይ የሠራ መሐንዲስ ስለ ድልድይ ከጻፈው ያነሰ ዋጋ ይሰጠዋል። በአሜሪካ የሲቪል ምሕንድስና መመዘኛ በይዘታቸው ዋነኛ ንድፍ የሆኑ ኮርሶችን የሚሰጡ መምህራን በሥራ ፈቃድ ወይም በትምህርትና በንድፍ ልምድ ብቁ መሆናቸው እንዲታይ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ንድፍ ወደ መጨረሻው ዓመት መከማቸቱ ነው። ሦስትና አራት ዓመት ሙሉ አንድ መልስ ብቻ ያላቸውን ጥያቄዎች ሲሠራ የቆየ ተማሪ፣ በመጨረሻው ሴሚስተር በድንገት መልስ የሌለው ጥያቄ ሲቀርብለት ግራ ይጋባል። ሦስተኛው ደግሞ የውጤት መለኪያው ራሱ ወደ ወረቀት ሥራ መለወጡ ነው። ትናንት ሰዓት ይደምር የነበረው መምህር ዛሬ ቅጽ ሲሞላ ይውላል የሚለው አቤቱታ በብዙ ተቋማት ይሰማል።

8. ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

በ1989 አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ ኒው ዚላንድ፣ ብሪታንያና አሜሪካ በፈረሙት የዋሽንግተን ስምምነት መሠረት የአንዱ አገር ዕውቅና በሌላው ዘንድ ተቀባይነት ያገኛል። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በ1999 ተቀላቅላለች። ከስምምነቱ ውጭ ከሆነ መርሐ ግብር ተመርቆ በአሜሪካ የመሐንዲስነት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው፣ የተማራቸው ኮርሶች በየዘርፉ ተለይተው ከአገሩ መመዘኛ ጋር ሊነጻጸሩ ይችላሉ። የምሕንድስና ንድፍም ከሚታዩት ውስጥ ነው። ስለዚህ የኮርሱ ይዘት በግልጽ ተጽፎ መቀመጡ ለተመራቂው የኑሮ ጉዳይ ነው።

በኢትዮጵያ በ2003 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲን ያቋቋመ ሲሆን፣ ተግባሩ ኋላ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተላልፏል። ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የ70 ለ30 የተማሪዎች ምደባ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚገቡትን ቁጥር በእጅጉ አሳድጓል። በ2023 ደግሞ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና መሰጠት ተጀምሯል። የምርጫ ፈተና የትንተና ዕውቀትን በመመዘን ረገድ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን «ትክክለኛውን መልስ ምረጥ» የሚል ጥያቄ አስቀድሞ አንድ ትክክለኛ መልስ እንዳለ ያስባል፤ ንድፍ የሚጀምረው ደግሞ ያ መልስ በሌለበት ነው። የመውጫ ፈተናና የመመረቂያ ፕሮጀክት ግምገማ እንግዲህ አንዱ የሌላው ምትክ ሊሆኑ አይችሉም። ብዙ ተማሪ በተቀበለ የትምህርት ክፍል ውስጥ ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው ፕሮጀክቱ ነው፤ ምክንያቱም ሌክቸር ለ200 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ሊሰጥ ሲችል፣ የንድፍ ሥራን ማረም ግን ከየቡድኑ ጋር መቀመጥን ይጠይቃል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ልምድ ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ የንድፍ ትምህርት በመመዘኛ ካልተጠበቀ በሌሎች ኮርሶች ተገፍቶ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ መመዘኛው ሰዓትን ብቻ ከቆጠረ ስሙ ይቀራል እንጂ ትምህርቱ አይገኝም። ሦስተኛ፣ የተማሪውን ሥራ አንብቦ የሚፈርድ፣ በሙያው የበሰለ ገምጋሚ ከሌለ የትኛውም መመዘኛ ከወረቀት አያልፍም። ዕቅድ አውጪዎች በጀት ሲመድቡ የተማሪውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን አንድ መምህር ሊመራቸው የሚችላቸውን የንድፍ ቡድኖች ቁጥር ቢያሰሉ ይበጃል።

ለሁለተኛ ደረጃ መምህራንም ድርሻ አላቸው። የፊዚክስ መምህሩ የአግዳሚውን ሞመንት ካሠላ በኋላ «ከባሕር ዛፍ ይሁን ወይስ ከብረት? ዋጋውስ? በሦስት ዓመት ውስጥ ማን ይጠግነዋል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ከአንድ በላይ መልስ ያለውን ጥያቄ ይለምዳል። ወንዙ በሞላበት መንደር ያሉት ሕፃናት የሚሻገሩት በ22.5 ኪሎኒውተን ሜትር ላይ አይደለም፤ አንድ ሰው አመዛዝኖ በመረጠው፣ ለመረጠውም ኃላፊ በሆነበት ድልድይ ላይ ነው።